የብርቱካን ልክ

በምሠራበት የሚዛን ተፈሪ ሬዲዮ ጣቢያ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የአሥር ደቂቃ የጤና ዝግጅት አለ። አሥር ደቂቃ ይባል እንጂ የመግቢያው ሙዚቃ፣ ማስታወቂያውና የመውጫው ሙዚቃ ሲቀነስ ለጤና የሚተርፈው ሰባት ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ ነው። ይህን የምጽፈው ቅሬታ ለማቅረብ አይደለም። ነገሩ የተበላሸው በአሥራ አንድ ሴኮንድ ስለሆነ ሰዓቱን አስቀድሜ ማስመዝገብ ስላለብኝ ነው።

ያን ሰሞን የያዝኩት ርዕስ የማህፀን ዕጢ ነበር። ሚዛን ተፈሪም ሆነ ቴፒ ሴቶቹ ማዮማ ይሉታል። ካንሰር አይደለም። ብዙ ሴቶች ይዘውት ሳያውቁት ይኖራሉ፤ አንዳንዷን ግን በየወሩ ከልክ በላይ ያደማታል፣ አቅም ያሳጣታል፣ ሲከፋም ልጅ ይከለክላታል። ከዚያ በፊት ስለ ማዮማ በሠራን ቁጥር የምናወራው ስለ ቀዶ ሕክምና ነበር። ይህኛው ዝግጅት አዲስ ነገር ነበረው፤ ሆድ ሳይከፈት፣ ምላጭ ሳይነካ፣ የድምፅ ሞገድን ከውጭ ወደ አንድ ነጥብ ሰብስቦ ዕጢውን በሙቀት መግደል።

ያስረዳኝ አዲስ አበባ የሚሠራ የማህፀን ሐኪም ነው። በስልክ ነበር የተነጋገርነው።

«ልጅ ሆነህ በማጉያ መነጽር ወረቀት አቃጥለህ ታውቃለህ?» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«ፀሐይዋ ግቢው ሙሉ አለች። የሚቃጠለው ግን ነጥቧ ያረፈችበት ብቻ ነው። ድምፁም እንደዚያ ነው። ቆዳውን ሳይነካ ያልፍና ያነጣጠሩበትን ብቻ ያሞቃል።»

«ዕጢው ይወጣል?»

«አይወጣም። እዚያው ሞቶ በወራት ውስጥ እየሟሸሸ ይሄዳል።»

«ለሁሉም ሴት ይሆናል?»

«አይሆንም» አለና ምክንያቱን ነገረኝ። አንዳንዱ ዕጢ የሚያድግበት ቦታ አይመችም፣ አንዳንዷ ሴት ብዙ ዕጢ አላት፣ አንዳንዴ አንጀት መንገዱ ላይ ይገባል። መጠንም አለ፤ ብዙ ሐኪሞች ከአሥር ሴንቲሜትር ገደማ በላይ ለሆነው አይመክሩትም። ልጅ የምትፈልግ ሴት ከሆነች ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ከሕክምናው በኋላ የወለዱ ቢኖሩም እሱ በመጀመሪያ ምርጫነት ለመስጠት አይደፍርም። ማሽኑ አገር ውስጥ አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «እኔ የማውቀው የለም። አለ የሚልህ ሰው ካገኘህ አሳየኝ በለው» አለኝ። ስልኩን ሊዘጋ ሲል አንድ ነገር ጨመረ።

«ይህንንም ጻፍ። ማህፀኗን ትቶ ዕጢውን ብቻ የሚያወጣ ቀዶ ሕክምና አለ። አዲስ አይደለም፣ እዚሁ አገር ይሠራል። ብዙ ሴት ቀዶ ሕክምና ሲባል ማህፀን ማውጣት ብቻ ይመስላታል።»

ጻፍኩት። ደብተሩ ዛሬም አለ።

አዘጋጃችን በዕድሜ የሚበልጠኝ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ከማይክሮፎን ፊት ሃያ ዓመት የቆየ ሰው ነው። ጽሑፌን አነበበና ብዕሩን አሥር ሴንቲሜትር የሚለው ላይ አሳረፈ።

«ይህን ማን ያውቀዋል?»

«ሜትር ያለው ሁሉ።»

«ሜትር ያለው ልብስ ሰፊ ነው። ልብስ ሰፊ ደግሞ እኛን የሚከፍተን ለኳስ ነው። ለሰው በሚያውቀው ንገረው።»

ሴንቲሜትሩን ሰርዞ «ብርቱካን የሚያህል» ብሎ ጻፈበት። የትኛው ብርቱካን ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም። ጮክ ብዬ ሳነበው ጽሑፉ ከሰዓታችን በአሥራ አንድ ሴኮንድ በለጠ።

«የቱን ልቁረጥ?» አልኩት።

«አዲስ ያልሆነውን።»

አዲስ ያልሆነው ሐኪሙ በመጨረሻ የነገረኝ ነበር። ቆረጥኩት። አዘጋጁ ዐረፍተ ነገሩን አልመረጠልኝም፤ የቆረጠው እጅ የእኔ ነው።

በዝግጅቱ ላይ የተነበበው እንዲህ ይላል፤ «ዕጢው ብርቱካን ከሚያህለው ከበለጠ ግን ይህ ሕክምና አይመከርም፤ ያለው አማራጭ ቀዶ ሕክምና ነው።» ከዚህ ቀጥሎ የገባው የአንዲት የሸኮ እናት ድምፅ ነበር። ማህፀናቸው በቀዶ ሕክምና ወጥቶላቸው ከደም መፍሰስ እንደዳኑ ይናገራሉ። ሴትዮዋ ያሉት እውነት ነው። ሐኪሙ ያለውም እውነት ነው። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ማንም ያላለውን ተናገሩ፤ ያለው ወይ ድምፁ ነው፣ ወይ ማህፀን ማውጣት።

ከዝግጅቱ በኋላ ሦስት ሰዎች ደወሉ። ሁለቱ ማሽኑ የት እንዳለ ጠየቁ፤ አገር ውስጥ ስለመኖሩ ማረጋገጫ እንደሌለኝ ነገርኳቸው። ሦስተኛው ከሸዋ ቤንች የደወለ ሰው ነው።

«ያ ብርቱካን የሚዛኑ ነው የቴፒው?» አለ።

«ለምን ጠየቅህ?»

«የቴፒው ይበልጣላ።»

ስቱዲዮ ውስጥ ተሳቀ። እኔም የስልክ መዝገቡ ላይ «ቀልድ» ብዬ ጻፍኩ። ያ ሰው በዚያ ሳምንት ከጠየቁን ሁሉ ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀ ነበር።

አራት ወር አለፈ። የቡና ለቀማ ገባ፤ ለወራት የምንዘግበው ስለ እሸት ቡና፣ ስለ ለቃሚ እጥረትና ስለ ዝናብ ብቻ ሆነ። አንድ እሑድ ጠዋት የታላቅ እህቴ ባል ከቴፒ ደወለ። የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው፤ ሲናገር ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም።

«ና እስቲ እህትህን አናግራት» አለኝ። «ደም እየፈሰሳት ነው። ከሱቅ እስከ ቤት ስትመጣ ሁለት ጊዜ ትቀመጣለች። ሆስፒታል ቀጠሮ ነበራት፣ ቀረች። እኔን አትሰማኝም።»

«እኔንስ ትሰማኛለች?»

«አንተንማ ሰምታ ነው የቀረችው» አለ።

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። በዚያው ጠዋት ሚኒባስ ያዝኩ። ከሸኮ ጀምሮ በመንገዱ ዳርና ዳር ቡና ተሰጥቷል፤ ሾፌሩ በየመታጠፊያው ስጡን ላለመርገጥ ወደ መሐል ይወጣል፣ ከፊት የሚመጣውም እንደዚያው። ተሳፋሪው ሁሉ ይህን የለመደ ስለሆነ ማንም ቀና አይልም።

እህቴ ቴፒ ገበያ ዳር ቅመም ትነግዳለች፤ ኮረሪማ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ እርድ፣ ዝንጅብል። ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ካገባች አምስት ዓመቷ ነው፤ ልጅ የላትም፣ ትፈልጋለች። ይህን የማውቀው ነግራኝ አይደለም። ወንድምና እህት በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይነጋገሩም። ለባለሥልጣን ያላቀረብኩት ጥያቄ የለም፤ ለእህቴ ግን «እንዴት ነሽ» ከሚለው ያለፈ ጥያቄ ያቀረብኩላት አይመስለኝም።

ሱቁ በር ላይ የእርድ ጆንያ ተደግፋ ተቀምጣ አገኘኋት። አልተነሳችም።

«ገርጥተሻል፣ እትዬ» አልኳት።

«ጨለማ ስለሆነ ነው።»

«ውጪ እኮ ነው የተቀመጥሽው።»

«እንግዲያው የእርዱ ብናኝ ይሆናላ» አለች። «ባሌ ነው የላከህ?»

«እሱ ነው። ለምን ነው ከቀጠሮሽ የቀረሽው?»

«አንተ ነህ ያስቀረኸኝ።»

ከዚያ የእኔን ዐረፍተ ነገር አንድም ቃል ሳትስት አነበነበችልኝ። ብርቱካን የሚለው ላይ ቆም ማለቴን ሳይቀር ቆም አለች። ቀጥላ ሁሉንም ዘርዝራ ነገረችኝ። ከዝግጅቱ ሁለት ሳምንት በፊት ሚዛን ሆስፒታል ሄዳ በአልትራሳውንድ ታይታለች። ሐኪሙ ማዮማ እንዳለባት፣ ዕጢው አቮካዶ እንደሚያህል ነግሯት ተመልሳ እንድትመጣ ቀጠሮ ሰጥቷታል። ከቀጠሮው በፊት እኔን ሰማች።

«እሱ አቮካዶ አለ፣ አንተ ብርቱካን አልክ። መዘንኩት» አለች።

«ምኑን?»

«አቮካዶውንና ብርቱካኑን ነዋ። እዚህ» ብላ የሱቁን ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን አሳየችኝ። «አቮካዶው ብርቱካኑን ሰቀለው።»

«የትኛውን አቮካዶ ነው የመዘንሽው?»

«ትልቁን።»

እዚያ አካባቢ አቮካዶ ከሕፃን ጡጫ እስከ ሕፃን ጭንቅላት ያህላል።

«ለምን ትልቁን?»

«ነጋዴ ነኝ። ክፉውን አስቤ ነው የምገዛ።»

«ሐኪሙ ማህፀንሽ ይወጣል ብሎሻል?»

«እሱ መች አለ? ተመለሺና እንነጋገር ነው ያለኝ። አንተ ነህ ያልከው። ከብርቱካን ከበለጠ ድምፁ አይሆንም፣ መቀደድ ነው አልክ፤ ከዚያ ሴትዮዋን አመጣህና ማህፀኔን አውጥተው ጣሉልኝ አለች። እኔ ይህንን ለመስማት ሆስፒታል ልሂድ? እዚህ በነፃ ሰማሁት።»

ወረቀቷን ጠየቅኋት። ከቁንዶ በርበሬው ጣሳ ሥር፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ወጣ። ልኩ በሚሊሜትር ተጽፏል፤ ስልሳ ስምንት በስልሳ አንድ። ከጎረቤቷ ልብስ ሰፊ ሜትር ተዋስኩ። ብርቱካን ከሚሸጡት ሴትዮ አንድ መካከለኛ ብርቱካን ገዝቼ ለካሁ፤ ሰባ አምስት ሚሊሜትር።

«ብርቱካን አይሞላም» አልኳት።

ሜትሩን ከእጄ ወስዳ ራሷ ለካች። ሁለት ጊዜ።

«እና ድምፁ ይሆነኛል?»

«አይሆንሽም።»

«አሁን ብርቱካን አይሞላም አላልከኝም?»

«በልኩስ ይሆን ነበር። ማሽኑ ግን አገር ውስጥ ስለመኖሩ ማረጋገጫ የለኝም። ቢኖርም ልጅ ለምትፈልግ ሴት ያስረዳኝ ሐኪም በመጀመሪያ ምርጫነት ለመስጠት አይደፍርም።»

«የሌለ ነገር ከሆነ ለምን ተናገርከው?»

«አዲስ ስለሆነ» አልኳት።

ደብተሬን አውጥቼ የተሰረዘውን መስመር አሳየኋት፤ ማህፀኑን ትቶ ዕጢውን ብቻ ማውጣት ይቻላል፣ እዚሁ አገር ይሠራል። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው። ጣቷ እርድ ስለነበረበት መስመሩ ላይ ቢጫ አሻራ ቀረ።

«ሰርዘኸዋል» አለች።

«ሰዓት አልበቃኝም።»

«ስንት ጎደለህ?»

«አሥራ አንድ ሴኮንድ።»

በዚህ መሐል አንዲት ገዢ መጥታ የኮረሪማ ዋጋ ጠየቀች። እህቴ ጆንያውን ተደግፋ ተነሳች፣ መዘነች፣ ቋጠረች፣ መረቀች፣ ተቀመጠች። ከአሥራ አንድ ሴኮንድ በላይ ወሰደባት። ስትቀመጥ ላብ ግንባሯ ላይ ነበር።

«ነገ ሆስፒታል እንሂድ» አልኳት።

«አልሄድም።»

«ለምን? አሁን አወቅሽ እኮ።»

«እኔ አወቅሁ። አማቴስ?»

አማቷ ሸዋ ቤንች የሚኖሩ የቤንች ሴት ናቸው። የራሳቸው ጎደሬና ጥቂት የቡና እግር አላቸው። አማርኛ የተማሩት ከሬዲዮ መሆኑን ይናገራሉ፤ ስለዚህ ሬዲዮ የሚለውን የአስተማሪ ያህል ይቀበላሉ። ያን ሐሙስ እሳቸውም ሰምተዋል። ልጃቸው አስቀድሞ ስለ አቮካዶው ነግሯቸው ስለነበር ሒሳቡን እንደ እህቴ ሠሩት።

«ድሮ በመጡ ቁጥር ‹የት ደረሰ?› ብለው ሆዴን ያያሉ። አምስት ዓመት አቃጥለውኛል» አለች እህቴ። «ከዚያ ሐሙስ ወዲህ አንድ ቀን አልጠየቁኝም። ዶሮ ይልኩልኛል። ‹ደክሞሻል ተኚ› ይሉኛል። ለሞተ ሰው ቤት እንደሚደረገው ነው የሚያደርጉልኝ። ቢያቃጥሉኝ ይሻለኝ ነበር።»

«ያልኩሽን ንገሪያቸው።»

«ምን ብዬ? ወንድሜ ሱቅ መጥቶ እንዲህ አለኝ ልበላቸው? ወንድሟ ነው፣ ሊያጽናናት ነው ይላሉ። ደግሞ እሳቸው ብቻ አይደሉም። ይህ ገበያ በሙሉ ሰምቷል።» ወደ ገበያው በአገጯ አመለከተች። «በሽማግሌ ፊት የተነገረ ነገር በማን ፊት ነው የሚነሳው?»

«በሽማግሌ ፊት።»

«እንግዲህ በሬዲዮ የተባለ በሬዲዮ ይነሳ። ካነሳኸው እሄዳለሁ።»

«ሐሙስ ገና አራት ቀን አለው። አሁን ሂጂና ማረሚያው በኋላ ይተላለፍ።»

«አራት ወር የቆየሁ ሴት አራት ቀን አያቅተኝም።»

በሙያዬ ብዙ ሰዎች ማረሚያ ጠይቀውኛል፤ አንዳቸውም እንዲህ እየደሙ አልጠየቁኝም። አዲስ አበባ ላለው ሐኪም እዚያው ሆኜ ደወልኩ። አራት ቀን መጠበቁን እንደማይወደው ተናግሮ፣ እስከዚያው እዚያው ቴፒ ጤና ጣቢያ ሄዳ የደም መጠኗን እንድትታይና የደም ማነስ መድኃኒት እንድትጀምር፣ ደሙ ከባሰ ግን አንድ ሰዓት እንኳ እንዳትጠብቅ ነገራት። በዚህኛው ተስማማች። ባሏ ይዟት ሄደ፤ እኔ ወደ ሚዛን ተመለስኩ። በመንገድ ላይ አምስት ብርቱካንና አንድ የልብስ ሰፊ ሜትር ገዛሁ።

ሰኞ ጠዋት አምስቱን ብርቱካኖችና ሜትሩን አዘጋጃችን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ።

«ያንተ አሥር ሴንቲሜትር።»

እያንዳንዱን ለክቼ አስመዘገብኩት። ስድስት ተኩል፣ ሰባት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ አምስት ተኩል።

«አምስት ተኩሉ ሎሚ ነው» አለ።

«ብርቱካን ተብሎ ነው የተሸጠልኝ።»

አንዱን ልጦ መብላት ጀመረ። የተቆረጠውን ዐረፍተ ነገር፣ የሴትዮዋን ድምፅና የተፈጠረውን ነገርኩት። ማረሚያ እንፈልጋለን አልኩት።

«ማረሚያ እኮ የባለሥልጣን ስም ስንሳሳት ነው» አለ። «ማን ቅሬታ አቀረበ?»

«አንዲት አድማጭ።»

«ዘመድህ ናት?»

«ናት።»

«የጥቅም ግጭት አለብህ ማለት ነው።»

«አለብኝ። ስለዚህ አንተ ታነብበዋለህ።»

ማኘኩን አቆመ። ደንቡን ራሱ ነው ያስተማረኝ። የጻፍኩትን ቁጥር በፍራፍሬ ሳይለውጥ እንዲያነብ አስማልኩት ማለት አልችልም፤ ግን ሜትሩን ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ወጣሁ።

ሐሙስ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያ ወፍራም ድምፁ አነበበው። «ከአራት ወር በፊት ስለ ማህፀን ዕጢ ባቀረብነው ዝግጅት ሁለት ስሕተት ሠርተናል። ብርቱካን ያልነው ልክ አይደለም፤ ሐኪሙ የነገረን አሥር ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ ብርቱካን ከዚያ ያንሳል። የዕጢውን ልክ ከፍራፍሬ ሳይሆን ከሆስፒታል ወረቀታችሁ ላይ አንብቡ። ሁለተኛ፣ ማህፀንን ሳያወጡ ዕጢውን ብቻ የሚያወጣ ቀዶ ሕክምና አገራችን ውስጥ እንዳለ ሐኪሙ ነግሮን ሳለ አላቀረብነውም። ለየትኛዋ ሴት የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው ሐኪም ነው፤ እኛ አይደለንም። በዚህ ምክንያት ከቀጠሮዋ የቀረች ካለች ትመለስ።» አንድ ደቂቃ ወሰደ። የመውጫው ሙዚቃ አልተሰማም።

ወዲያው የእህቴ ባል ደወለ። እናቱ ቴፒ መጥተው አብረው ሰምተዋል።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«‹ይህ ሰውዬ የፊተኛው አይደለም› አለች።»

«ልክ ናቸው። የፊተኛው እኔ ነበርኩ።»

«‹ትልቁ ሰውዬ ትንሹን ገሠጸው› አለች። ደስ ብሏታል።»

እህቴ በማግስቱ ሚዛን መጣች። ቃሏን የምታጥፍ ሰው አይደለችም። የሆስፒታሉ ሐኪም ወጣት፣ ቶሎ ቶሎ የሚራመድ ሰው ነበር። አቮካዶ ማለቱን አላስታወሰም።

«ብዬ ይሆናል» አለ። «ሴንቲሜትር ስንል ሰው አይገባውም ብለን ነው።»

«ማነው አይገባውም ያላችሁ?» አለች እህቴ። «እኔ በግራም ነው የምኖረው።»

ከመረመራት በኋላ ዕጢው አንድ መሆኑን፣ ማህፀኗን ትቶ ማውጣት እንደሚሞክር፣ ደሟ ግን አነስተኛ ስለሆነ በመጀመሪያ መሙላት እንዳለበት ነገራት። የፈቃድ ወረቀቱን አነበበላት። በወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ነበር፤ በቀዶ ሕክምናው መሐል ደም አልቆም ካለ ሕይወቷን ለማዳን ማህፀኗ ሊወጣ ይችላል።

«ይህ ይሆናል?» አለችው።

«አልፎ አልፎ ይሆናል። ብዙውን ጊዜ አይሆንም። አይሆንም ብዬ ግን አልፈርምልሽም።»

እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰደች።

«አንተ ደህና ሰው ነህ» ብላ ፈረመች።

ጥቂት ሳምንታት ቆይተን ቀኑ ደረሰ። ባሏና እኔ ደም ሰጠን። አማቷ ከሸዋ ቤንች በሌሊቱ ተነስተው፣ የተቀቀለ ጎደሬ በዘንቢል ይዘው መጡ። ሦስታችንም ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ውጪ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ አስገቧት። ደብተሬን አውጥቼ ሰዓቱን ጻፍኩ። ሌላ የምጽፈው ስላልነበረኝ በየአሥር ደቂቃው ሰዓት ጻፍኩ። ያ ገጽ እስከ ዛሬ የጻፍኩት ከሁሉ የበለጠ ትክክለኛና ከሁሉ የበለጠ ዋጋ ቢስ ማስታወሻ ነው።

«ምን ትጽፋለህ?» አሉኝ አማቷ።

«ሰዓት፣ እማማ።»

«ሰዓቱ ሳይጻፍም ይሄዳል። ጎደሬ ብላ።»

በላሁ። የእህቴ ባል አልበላም። አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ። «ማህፀኗ ቢወጣም ባይወጣም እሷ ብቻ ትውጣልኝ» አለ። እናቱ ጉልበቱን ያዙት።

አራት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ሐኪሙ ጭንብሉን አውርዶ ወጣ። ሦስታችንም ተነሳን።

«ዕጢው ወጥቷል። ማህፀኗ ቦታው ላይ ነው» አለ።

ልማድ ነውና «እርግጠኛ ነህ?» አልኩት።

«እኔ ነኝ የሰፋሁት» አለ።

ዕጢውን ለክቶ በብረት ሳህን አሳየን። ነጣ ያለ፣ ጠጣር፣ ላዩ ጎርበጥባጣ ነገር ነው። ብርቱካን አይመስልም፣ አቮካዶም አይመስልም። አማቷ ጎንበስ ብለው አዩት፤ ከዚያ ዘንቢላቸው ውስጥ አዩ።

«ጎደሬ ነው» አሉ። «የተላጠ።»

ማንም አላረማቸውም። ከዚያ ወዲህ የእህቴ ባል ጎደሬ ሲቀርብለት ጥቂት ያመነታል።

እህቴ ስትነቃ ፊቷ እንደ ወረቀት ነበር። ከንፈሯን አንቀሳቀሰች እንጂ ድምፅ አላወጣችም፤ ባሏ ጎንበስ ብሎ ነገራት። ዐይኗን ጨፈነች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ልኩ ስንት ሆነ?» አለች።

«ስልሳ ስምንት። ወረቀቱ ልክ ነበር።»

«ጻፈው» አለችና ተኛች።

ሐኪሙ ከመውጣቷ በፊት እንዲህ አላት፤ ስፌቱ እስኪጠነክር እሱ እስኪፈቅድላት ድረስ ማርገዝ የለባትም፣ ለጊዜው ስድስት ወር ትቁጠር፤ ካረገዘች ከመጀመሪያው ጀምሮ ክትትል ያስፈልጋታል፣ ምናልባትም በቀዶ ሕክምና መውለድ ይኖርባታል፤ ልጅ እንደምትወልድ ግን ማንም ቃል ሊገባላት አይችልም። እሷም ቃል አልጠየቀችውም። ቴፒ ተመለሰች፤ ሁለተኛው ወር ላይ ሱቋን ከፈተች።

አንድ ጠዋት ደወለችልኝ። ድምፅዋ የተናደደ ሰው ድምፅ ነበር፤ ተናዳ ከሰማኋት ግን ረጅም ጊዜ ሆኖኛል።

«አማቴ ጀመሩኝ» አለች።

«ምን?»

«ጥያቄውን ነዋ። አሁን ከበር ሳይገቡ ‹የት ደረሰ?› ብለው ሆዴን አዩት።»

«ምን አልሻቸው?»

«ሐኪሙ ስድስት ወር ጠብቂ ብሎኛል አልኳቸው።»

«እሳቸውስ?»

«‹በሬዲዮ አልሰማሁም› አሉኝ።»